ከማቴዎስ 18 እስከ 19፦ በአንዲት አጥቢያ የሚሰጥ የባለትዳሮች ትምህርት ግምገማ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል በምትገኝ አንዲት የወንጌል አማኞች አጥቢያ ለባለትዳሮችና ለእጮኛሞች በየዓመቱ የሚሰጥ የቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት አለ። እኔና ባለቤቴ ባለፈው ዙር ተካፍለን ጨርሰናል፤ ሁለት ወር ገደማ ይወስዳል። ተሳታፊዎች የቤታቸውን ገመና አምነው ስለ ተነጋገሩበት የአጥቢያዋንም የአስተማሪዎቹንም ስም አልጠቅስም። ሆኖም ተመሳሳይ ትምህርቶች በሌሎች አጥቢያዎችም ስለሚሰጡ፣ ለመመዝገብ ለሚያስቡ ሰዎች የዚህን ጥንካሬና ጉድለት በዝርዝር ማስቀመጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ይቅርታን በሚመለከት እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ትምህርቶች ሁሉ የጠለቀው ይህ ነው፤ ፍቺን በሚመለከት ግን በሚገባ ይጀምርና እጅግ በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ዝም ይላል።

ይህን የመሰለ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ ካለው የባልና የሚስት ምክር ነው፤ ከዚያም ስለ ገንዘብ አያያዝ፣ ስለ አማቶችና ስለ ልጅ አስተዳደግ ይቀጥላል። እዚህ የተመረጠው መንገድ የተለየ ነው። የማቴዎስ ወንጌልን ከምዕራፍ 18 መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ምዕራፍ 19 ቁጥር 15 ድረስ ወንጌላዊው ባስቀመጠው ቅደም ተከተል ይሄዳል። በዚህ ቅደም ተከተል መጀመሪያ የሚመጣው ጌታ ጠርቶ በደቀ መዛሙርቱ መካከል ያቆመው ሕፃን ነው፤ ቀጥሎ የጠፋው በግ፣ የበደለ ወንድም እንዴት እንደሚወቀስ፣ የጴጥሮስ ጥያቄና ይቅር ያላለው ባሪያ ምሳሌ ይመጣሉ፤ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው ፈሪሳውያን ስለ ፍቺ የሚጠይቁት። የፍቺው ንግግር እንዳበቃም ደቀ መዛሙርቱ የሚከለክሏቸው ሕፃናት ይመጣሉ። ስለዚህ የፍቺ ጥያቄ የቆመው ከፊቱም ከኋላውም ሕፃናት ባሉበት ቦታ ላይ ነው። እነዚህ ክፍሎች ለየብቻ ሲሰበኩ ስንሰማ ለኖርን ምእመናን ይህን አቀማመጥ ማየት ብቻውን ብዙ ነገር ያስተካክላል፤ ስለ ፍቺ የተነገረው ቃል እንደ ደረቅ የሕግ አንቀጽ መነበቡ ይቀርና፣ ገና ስለ ታናናሾችና ስለ ዕዳ ስረዛ የሰማ ጆሮ ያደምጠዋል።

አስተማሪዎቹ ባልና ሚስት ናቸው። እርሳቸው ጡረታ የወጡ መጋቢ ሲሆኑ ለረጅም ዘመን በሰፈራቸው በሽምግልና አገልግለዋል፤ ባለቤታቸው ደግሞ በመምህርነት የሠሩ ናቸው። ሁለቱ ተራ በተራ ያስተምራሉ፤ አንዱ ያለውን ሌላው በሕዝብ ፊት በትሕትና ሲያርም ማየት ለተሳታፊው ከቃሉ ባልተናነሰ የሚያስተምር ነገር ነው።

ስለ ሕፃናት እምነት የተሰጠው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከሁሉ የሳሳው ነበር። መጋቢው ሕፃን ቂም አይዝም፣ ተጣልቶ ወዲያው ይታረቃል፣ የሰማውን ሁሉ ያምናል ብለው ጀመሩ። ይህ በየመድረኩ የሚባል ነገር ነው፤ ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ ግን ሕፃን ቂም እንደሚይዝ፣ ባልተሰጠው ከረሜላ ምክንያት ሲያኮርፍ እንደሚውል ያውቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጽሑፉ የሚለው ይህን አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁት ማን ይበልጣል ብለው ነው፤ የተሰጣቸውም መልስ እንደዚህ ሕፃን ራሱን የሚያዋርድ ሁሉ የሚል ነው። በዚያ ዘመን ሕፃን በሸንጎ ቃል የሌለው፣ በማዕድ ተራ የማይሰጠው፣ የሚቆጠርለት ማዕረግ የሌለው ነበር። ስለዚህ የተጠየቅነው የልጅን ጠባይ እንድንኮርጅ ሳይሆን፣ በባልነት፣ በበኩርነት፣ በትምህርት ወይም በገቢ ያገኘነውን ደረጃ ትተን ምንም የምናቀርበው የሌለን ሆነን በአብ ፊት እንድንቆም ነው። ይህ ለትዳር ያለው ትርጉም ግልጽ ነው፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው በቤት ውስጥ ማን ይበልጣል ከሚለው ጥያቄ ነውና። እንደ እድል ሆኖ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሕፃናቱ ዳግመኛ ሲመጡ የመጋቢው ባለቤት ነገሩን በትክክል አስቀመጡት። ደቀ መዛሙርቱ የገሠጿቸው የሚያመጡት ጥቅም ስላልነበራቸው መሆኑን፣ ማርቆስ በምዕራፍ 10 ጌታ በዚህ እንደ ተቈጣ መጻፉን፣ ሕፃናቱ የተባረኩትም አንዳች ነገር ከማድረጋቸው በፊት መሆኑን ገለጹ። በዚያው ላይ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ለክፋት ሕፃናት ሁኑ እንጂ በአእምሮ የበሰላችሁ ሁኑ ማለቱን ጨመሩበት። የሕፃን እምነት ማለት የነገሩትን ሁሉ መቀበል ነው ተብሎ ለተነገራት ሚስት ይህ ጭማሪ እጅግ ያስፈልጋል።

የበደለ ወንድም እንዴት እንደሚወቀስ የሚናገረው ክፍል (18፥15–17) በትዳር ላይ ሲውል እስካሁን አልሰማሁም ነበር። ጌታ ያስቀመጠው ሥርዓት ደረጃ አለው፦ መጀመሪያ ሁለታችሁ ብቻችሁን፣ እርሱ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ፣ ከዚያ በኋላ ለጉባኤ። መጋቢው በሽምግልና ካዩት ተነሥተው እኛ ይህን ገልብጠነዋል አሉ። ሚስት በባሏ ብትበደል ነገሩን መጀመሪያ የሚሰሙት እናቷና እኅቶቿ ናቸው፤ ባል ቢበደል ለጓደኞቹ ይናገራል፤ ሽማግሌ ተጠርቶ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ ባልና ሚስቱ ስለ ጉዳዩ አንድም ቀን ለብቻቸው በቅጡ ተነጋግረው አያውቁም። ዘመድ የሰማው በደል ደግሞ ባለቤቶቹ ከታረቁም በኋላ በዘመድ ልብ ይቀራል። ለዚህ ክፍል የተሰጠው የቤት ሥራ ቀላል ይመስላል፤ በሳምንቱ ውስጥ ለሌላ ሰው ያልተነገረ አንድ ቅሬታ ለትዳር ጓደኛ ብቻ፣ ልጆች በሌሉበት፣ ስልክ ተዘግቶ መናገር ነው። በተከታዩ ቅዳሜ ብዙዎች የቤት ሥራውን እንዳልሠሩት ሲናገሩ ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚከብድ ታየ።

ስለ ሽምግልና የተነገረው ሁለተኛ ነገርም ሊጠቀስ ይገባዋል። በአገራችን ዕርቅ የሚፈጸመው «ይቅር ለእግዚአብሔር» በመባባል ነው፤ በደለኛው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ ፊት የሚወድቅበት ልማድም አለ። ይህ ባህል ብዙ ደም እንዳይፈስ ያደረገ፣ ብዙ ቤት ያቆመ ታላቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ሽማግሌዎች ተደርድረው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ «ለእኛ ስትዪ በይ» እየተባለ የተነገረ ይቅርታ ከአፍ ሊያልፍ የማይችልበት ጊዜ አለ። መጋቢው ሽማግሌ ሆነው ተበዳይን ቶሎ ይቅር እንድትል ሲያስገድዱ፣ በዳይን ግን ምን አድርገህ ነው፣ ለወደፊቱስ ምን ታስተካክላለህ ብለው ሳይጠይቁ የሚነሡ ሰዎችን በግልጽ ወቀሱ። በሉቃስ 17 ላይ ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው የሚለው ቃል ይቅር በለው ከሚለው ቀድሞ መቀመጡንም አሳዩ።

የትምህርቱ እምብርት የዕዳው ምሳሌ ነው፤ ንጉሥ የእልፍ መክሊት ዕዳ የሰረዘለት ባሪያ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን ይቅር አልልም ያለበት ነው። ጴጥሮስ እስከ ሰባት ጊዜን ብሎ ጠየቀ፤ ጌታም እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት አለው። አስተማሪዎቹ ይህን በዘፍጥረት 4 ላይ ላሜሕ ሰባ ሰባት እጥፍ እበቀላለሁ ብሎ ከፎከረው ጋር አያይዘው፣ የበቀል ልክ አልባነት በይቅርታ ልክ አልባነት እንደ ተተካ አስረዱ። ከዚያ በኋላ መምህርቷ ወደ ሰሌዳው ሄደው ሒሳብ መሥራት ጀመሩ። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው፤ በማቴዎስ 20 ላይ የወይን ቦታ ሠራተኞች የተዋዋሉት በዚሁ ነው። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ገደማ ነው። እልፍ ማለት 10,000 ስለሆነ የመጀመሪያው ባሪያ ዕዳ 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ይሆናል። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 200,000 ዓመት ያስፈልገዋል። እርሱ ግን ታገሠኝ፣ ሁሉንም እከፍልሃለሁ አለ። ከዚያ ለስሌት እንዲመች የቀን ሠራተኛን ደመወዝ 500 ብር አድርገው የሁለተኛውን ባሪያ ዕዳ አሰሉት፤ 100 ዲናር 50,000 ብር መጣ። የመጀመሪያው በዚያው ስሌት 30 ቢሊዮን ብር ነው።

ከአዳራሹ ኋላ ያለ አንድ ወጣት፣ «ሁለተኛውም እኮ ትንሽ አይደለም» አለ። መምህርቷ ይህን የሚጠብቁ ነበሩ። ብዙ ጊዜ ይህ ምሳሌ ሲሰበክ ሁለተኛው ዕዳ እንደ ሳንቲም ይቆጠራል፤ የተበደለውም ሰው «ይህ ምን አለው፣ እርሱት» ይባላል። ጌታ ግን የባልንጀራውን ዕዳ እንደ ምንም አልቆጠረውም፤ ከሦስት ወር በላይ የሚሆን የጉልበት ዋጋ ነው፣ ድሃ ቤት የሚያናጋ ነው። ባል በሚስቱ ላይ፣ ሚስት በባሏ ላይ ያደረሱት በደል እውነተኛ ዕዳ መሆኑ አልተካደም። ይቅርታ የሚቻለው በደሉ ትንሽ ስለሆነ ሳይሆን፣ የተሰረዘልን ከዚያ ጋር ሊነጻጸር የማይችል ስለሆነ ነው። በዚህ ክፍለ ጊዜ ምክንያት ብቻ ትምህርቱን ለሌሎች ለመጠቆም አላመነታም።

ቀጥሎ የተሰጠው ተግባር ሁለት ወረቀት ነበር። በአንዱ ላይ እያንዳንዱ ለብቻው ከእግዚአብሔር የተሰረዘለትን ይጽፋል፤ ይህ ለማንም አይነበብም። በሌላው ላይ የትዳር ጓደኛው ያለበትን «መቶ ዲናር» ይጽፋል፤ ይህ ለትዳር ጓደኛው ብቻ ይሰጣል። የተጻፈውን የሚቀበለው ሰው ማስረዳትም መከራከርም አይፈቀድለትም፤ አንብቦ «እውነት ነው» ወይም «ይህን አላውቅም ነበር፣ ንገሪኝ» ማለት ብቻ ይችላል። በአጠገባችን የነበሩ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ወረቀታቸውን ሲለዋወጡ፣ ባልየው መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡና ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆይተው፣ «የመጀመሪያ ልጃችን የተቀበረ ዕለት ሥራ መግባቴ ነው?» አሉ። ሚስት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልሰማሁም፣ መስማትም አልነበረብኝም፤ ነገር ግን ለዓመታት ያልተነገረ ነገር በአንድ መስመር ጽሑፍ ሊወጣ እንደሚችል ያኔ አየሁ። እኔም ባለቤቴ የጻፈልኝን ወረቀት ይዤዋለሁ፤ በዚያ ላይ የነበረውን ለራሳችን አስቀርቼ፣ ዘዴው ግን የሚሠራ መሆኑን እመሰክራለሁ።

ወደ ምዕራፍ 19 ስንሻገር የታሪኩ ዳራ በጥሩ ሁኔታ ቀረበ። ፈሪሳውያን «ሰው በሁሉ ምክንያት ሚስቱን ሊፈታ ይገባልን» ብለው የጠየቁት በዘመኑ በነበረ ክርክር ውስጥ ነው። ለፍቺ ምክንያት ሆኖ ዘዳግም 24 ላይ የተጠቀሰውን ነውር የአይሁድ መምህር የሻማይ ወገን አጥብቦ በዝሙት መሰል ጥፋት ላይ ሲወስነው፣ የሌላው መምህር የሒሌል ወገን ግን ወጥ ብታበላሽ እንኳ ሊፈታት ይችላል እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ጌታ ከሁለቱ አንዱን መርጦ አልተከራከረም፤ ወደ ዘፍጥረት ወሰዳቸው፤ ሙሴ የፈቀደውም ስለ ልባቸው ጥንካሬ እንጂ ከጥንት እንዲህ እንዳልነበረ ነገራቸው። መጋቢው እዚህ ላይ ትኩረታችንን የሳቡት፣ በዚያ ዘመን በአይሁድ ልማድ የመፍታት ሥልጣን የነበረው በአብዛኛው ባል ስለነበር፣ «እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው» የሚለው ቃል ከቤቷ በቀላሉ ለምትባረር ሴት ጥበቃ መሆኑን ነው። የማቴዎስ ወንጌል ዝሙትን ለይቶ ማንሣቱን፣ ማርቆስ ደግሞ ባሏን የምትፈታ ሴትንም መጥቀሱን፣ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 7 ላይ የማያምነው ወገን ቢለይ የሚለውን ጉዳይ ለብቻው ማየቱን አንድ በአንድ አስነበቡ።

ደቀ መዛሙርቱ ይህን ሰምተው እንዲህ ከሆነስ መጋባት አይጠቅምም ማለታቸውን ሲያነቡ፣ እኔ ያደግሁበትን ቤት አሰብሁ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው፤ በቁርባን የጸና ጋብቻም እንዲሁ የሚፈርስ አይደለም። ይህን ክብደት ስለሚያውቁ ብዙ ባለትዳሮች በሰማንያ ተጋብተው ለዓመታት ይኖሩና ቁርባኑን ወደ እርጅና ያቆዩታል። የደቀ መዛሙርቱ ፍርሃት በእኛም አገር ሥርዓት ሆኖ ኖሯል ማለት ነው። በአዳራሹ ውስጥ ከተለያየ ቤተ እምነት ተጋብተው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ የእናት ቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ለማነጻጸር እንኳ አለመነሣቱ ለእነርሱ የጎደለ ነገር ነበር።

ዋናው ጉድለት ግን ከዚህ ይከብዳል። አንዲት ተሳታፊ ሚስቱን የሚደበድብን ባል በተመለከተ ጠየቀች። ጥያቄዋን የጠየቀችው ስለ ጎረቤት አድርጋ ነበር። የተሰጣት መልስ መጸለይ፣ ሽማግሌ ማስገባትና መታገሥ የሚል ሆኖ በአጭሩ ታለፈ፤ ጊዜው እያለቀ ነው ተብሎም ወደ ሌላ ተሄደ። ስለ ይቅርታ ያን ያህል ጥልቅ ነገር የተናገረ ትምህርት፣ በዳይን ሳይጠይቁ ተበዳይን የሚያስገድዱ ሽማግሌዎችን የወቀሰ ትምህርት፣ እዚህ ሲደርስ ራሱ የወቀሰውን ማድረጉ አሳዝኖኛል። ይቅር ማለትና ከሚመታ እጅ ሥር መቀመጥ አንድ አይደሉም። ዕዳን የሰረዘ ሰው ሌላ ዕዳ እንዲጭኑበት በሩን ክፍት አድርጎ መጠበቅ አይገደድም። በዚያው ምዕራፍ 18 ላይ ከእነዚህ ከታናናሾች አንዱን የሚያሰናክል የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ ወደ ባሕር ቢጣል ይሻለዋል ተብሏል፤ ጉባኤውንም አልሰማም ያለ ሰው እንደ አረመኔና እንደ ቀራጭ እንዲቆጠር ታዟል። መልሱ በተከፈተው ገጽ ላይ ነበር።

ከመንፈሳዊው ጎን ሕጉም አልተነገረም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን ያካትታል። በአዲስ አበባ ላይ ተፈጻሚ የሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ ከክብር መዝገብ ሹም ፊት ከተፈጸመው እኩል ያያል፤ ፍቺ የሚወሰነው ግን በፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ፍርድ ቤቱም ባልና ሚስቱ እንዲያስቡበት ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ይህን ማሳወቅ ፍቺን ማበረታታት አይደለም፤ የሦስት ወሩ ጊዜ ራሱ ቤተ ክርስቲያን ለዕርቅ ልትሠራበት የምትችልበት ነው። ፍቺ ያለፈባቸው ጥቂት ሰዎችም በመካከላችን ነበሩ፤ ለእነርሱ ትምህርቱ የነበረው ቃል እጅግ ጥቂት ነው። ከክፍለ ጊዜው በኋላ ይህን ለመምህርቷ ነግሬአቸው በጥሞና ሰምተውኛል፤ ለሚቀጥለው ዙር የሕግ ባለሙያ ለመጋበዝ እንደሚመክሩበትም ነግረውኛል።

ስለ አሰጣጡ ጥቂት ልጨምር። ክፍያ የለውም፤ የሚከፈለው ለመማሪያ ጥራዙ ማባዣ ብቻ ነው። ጥራዙ ጥቅሶቹን በነባሩ የአማርኛ ትርጉም ያቀርባል፣ ማስታወሻ መያዣ ቦታ አለው፣ ነገር ግን ፊደሉ ደቃቅ በመሆኑ በዕድሜ የገፉ ተሳታፊዎች ተቸግረዋል። ልጆች በሰንበት ትምህርት ቤቱ ክፍል በወጣቶች ይጠበቃሉ፤ ይህ ባይኖር እኛም አንመጣም ነበር። ሻይ ዕረፍቱ ረዘም ያለ ነው፤ ከትምህርቱ ጊዜ ቀንሶ ይሁን እንጂ ባልና ሚስቶች የሚተዋወቁበት እርሱ ስለሆነ አልተቃወምሁም። የተሳታፊው ቁጥር ግን ቢቀንስ መልካም ነው፤ አዳራሹ ሲሞላ የወረቀቱን ተግባር በምሥጢር ማካሄድ ያስቸግራል።

በትዳር ዘመናቸው የቆየ ቅሬታ ላለባቸው፣ ሁለቱም ለመምጣት ለሚስማሙና በመካከላቸው የኃይል ድርጊት ለሌለ ባልና ሚስት ይህን ትምህርት ያለ ማወላወል እመክራለሁ። ለእጮኛሞችም ይጠቅማል፤ የዕዳውን ስሌት ከሠርግ በፊት መስማት መልካም ነው። በቤቷ ዱላ ላለባት ሴት ግን አሁን ባለበት ሁኔታ አልመክረውም፤ እርሷ በመጀመሪያ የሚያስፈልጋት ደኅንነቷን የሚጠብቅላትና ሕግ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ይህ ከተሟላ በኋላ የይቅርታው ትምህርት ለእርሷም ይደርሳል። በሌላ አጥቢያ ተመሳሳይ ትምህርት ያገኘ ሰው ከመመዝገቡ በፊት አስተማሪዎቹን ሁለት ነገር ይጠይቃቸው፦ ድብደባ ስላለበት ቤት ምን ታስተምራላችሁ፣ ባልና ሚስት የተናገሩትስ ምሥጢር በማን እጅ ይቀራል? እዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ ግልጽ ነበር፤ ወረቀቶቹ ከባለቤቶቻቸው ውጭ ወደ ማንም አልሄዱም።